የአባቴ ፎርድ ጅሬን ዳገት ላይ ይደክማል፤ የላይ ቫልቭ ቴስታታ ላስመጣለት?

አዌቱ ዳር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጅማ ነኝ፣ ፈረንጅ አራዳ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላልና ታገሱኝ።

አባቴ የተወልን አንድ ፎርድ አለ። ሞዴል ኤ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1929 ስሪት፣ ባለ አራት ሲሊንደር። ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ፈረንጅ ላይ ነው የገዛው። ቡና ሊገዛ አጋሮ ሲሄድ በእሱ ነበር የሚሄደው። አባቴ ካረፈ በኋላ መኪናው ግቢያችን ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ቆሞ ቆየ። አሁን አስነስቼዋለሁ። እሑድ እሑድ ልጆቼን ጭኜ እወጣበታለሁ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየሮጠ ይከተለናል።

ችግሩ ጉልበቱ ነው። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ስወጣ ግን ይደክማል። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ፣ ከዚያ አንደኛ ማርሽ። እላይ ስደርስ ራዲያተሩ እየፈላ ነው። ውሃ ጨምሬ፣ አቀዝቅዤ ነው የምመለሰው።

ወንድሜ አሜሪካ ነው የሚኖረው። የአሮጌ መኪና ዕቃ የሚሸጥበት ገበያ ላይ አንድ ቴስታታ (የሞተሩ የላይ ክዳን) አገኘ። ክራገር ይሉታል። ቫልቮቹ ብሎኩ ውስጥ መሆናቸው ቀርቶ እዚያው ቴስታታው ላይ ተቀምጠዋል። ቫልቮቹን የሚከፍቱት ሮከር አርሞች ከነዘንጋቸው አሉ። ሮከሮቹን ከታች የሚገፉት ፑሽ ሮዶች የሉም። የብሎኩ ጎን ላይ የሚገጠመው መክደኛም የለም። ሻጩ ሌላ ገዢ አለኝ እያለ ስለሆነ ወንድሜ ቶሎ ወስን ይለኛል። ዋጋው ቀላል አይደለም። በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያ ጉምሩክ፣ ከዚያ ጅማ። ሁሉንም ስደምረው ያስጨንቃል።

ታዲያ ምን ትመክሩኛላችሁ? የኔ ብሎክ ላይ ይገጥማል? የጎደለው ዕቃ እዚህ ቶርኖ ቤት ይሠራል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ጅሬንን ያወጣኛል ወይ? እህቴ «የአባባን መኪና አትነካካው» ብላለች። እሷንም የማስረዳበት ነገር እፈልጋለሁ።

ቢሺሼ፦

ወንድሜ፣ ሳታመነታ ግዛው! ይህ ዕቃ ታሪክ ያለው ነው።

ክራገር ከመባሉ በፊት ሥራው የተጀመረው ሚለር ሾፊልድ በሚል ስም ነበር። ያ ሚለር የውድድር ሞተር ሠሪው ሃሪ ሚለር ነው። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ኩባንያው ሲወድቅ ክሬን ጋርትዝ የሚባል ሰው ተረክቦ ክራገር በሚል ስም ቀጠለበት። ለሞዴል ኤ የላይ ቫልቭ ከሠሩት መካከል ሎስ አንጀለስ የነበረው ጆርጅ ራይሊም ስሙ ይነሳል።

ነገሩ ከዚያም በፊት የነበረ ነው። ለሞዴል ቲ፣ ማለት ለዚያ 20 ፈረስ ጉልበት ላለው ፎርድ፣ ሉዊ ሸቭሮሌና ወንድሙ አርተር ፍሮንቴናክ የሚባል የላይ ቫልቭ ቴስታታ ሠርተው ይሸጡ ነበር። አዎ፣ ሉዊ ያው ሸቭሮሌ የተባለው መኪና በስሙ የተጠራው ሰው ነው። ለፎርድ ሞተር ቴስታታ ሲሠራ አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1923 የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል ውድድር ላይ ኤል. ኤል. ኮረም በፍሮንቴናክ ቴስታታ የታደሰ የፎርድ ቲ ሞተር ይዞ አምስተኛ ወጣ። ለውድድር ብቻ ከተሠሩ ውድ መኪኖች ጋር ተሰልፎ! በቀጣዩ ዓመት ሄንሪ ፎርድ ራሱ የውድድሩ ዳኛ ሆኖ ተገኝቷል።

አንድ ነገር ግን ወንድምህ ይጠንቀቅ። ፍሮንቴናክና ራጆ የሚባሉት በብዛት የሚታወቁት በሞዴል ቲ ነው፤ የቲው አንተ ኤ ላይ አይሄድም። ክራገር ከሆነ የኤ ነው። ስሙን ብረቱ ላይ አንብቦ ፎቶ ይላክልህ።

ሳሪስ፦

እኔ ከቢሺሼ ጋር አልስማማም። ይቅርታ።

አዲስ አበባ ውስጥ የዚያ ዘመን መኪና ይዘን ከምንደክም ሰዎች አንዱ ነኝ። መኪናው እንደተሠራ ሆኖ መቆየቱ ዋጋ አለው። እዚህ አገር ስንት የቀረ ሞዴል ኤ አለ? እህትህ ልክ ናት።

ሌላው ፍሬኑ ነው። የዚህ መኪና ፍሬን ዘይት የለውም፤ ከፔዳሉ እስከ ጎማው በብረት ዘንግ ነው የሚሳበው። ሞተሩን አጠነከርክ እንበል። አንድ ቀን አዲስ አበባ ላሳየው ብለህ ትነሳለህ። ግቤ በረሃን ስትወርድ በምን ትይዘዋለህ? ዳገቱን አስበሃል፤ ቁልቁለቱንም አስብ።

ነዳጁም አለ። የሞዴል ኤ ታንከር ከመስታወቱ ፊት፣ ከዳሽቦርዱ ላይ ነው ያለው። ፖምፓ የለውም። ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወርዶ ነው ታች ወዳለው ካርቡሬተር የሚገባው። ቴስታታው ከተቀየረ የአየር መግቢያው ቦታ ከፍ ይላል። ካርቡሬተሩንም ከፍ ካደረግከው ታንከሩ ሲጎድል ቤንዚን አይደርሰውም። ያኔ ፖምፓ ልትጨምር ነው። አንዱ ለውጥ ሌላውን እየጎተተ ይመጣል።

ባለቶርኖው፦

አዌቱ ዳር፣ እንኳን አስነሳኸው። ልጅ ሆኜ ሕርማታ ገበያ አጠገብ ሲያልፍ ያየሁት ፎርድ የአባትህ ሳይሆን አይቀርም። ድምፁን አስታውሰዋለሁ። ነፍሳቸውን ይማር።

ዕድሜዬን ሙሉ ጅማ ውስጥ ቶርኖ ላይ ነው የሠራሁት። የጣሊያን ፊያት፣ ዊሊስ ጂፕ፣ ላንድሮቨር፣ ሁሉም በእጄ አልፏል። ቢሺሼም ሳሪስም ያሉት እውነት ነው። የኔ ምክር ግን እንዲህ ነው፦ አቅምህ ከፈቀደ ቴስታታውን ግዛው። ለጅሬን ዳገት ብለህ ግን አትግዛው።

ለምን እንደምል ላስረዳህ። አንተ ሞተር ላይ ቫልቮቹ ከሲሊንደሩ ጎን ብሎኩ ውስጥ ቆመዋል፣ አፋቸው ወደ ላይ። ቤንዚንና አየሩ ከታች ይመጣል፣ በቫልቩ በኩል ወደ ላይ ይወጣል፣ ቴስታታው ሥር ወደ ጎን ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ሲሊንደሩ ይወርዳል። ጭሱም በዚያው ጠመዝማዛ ይመለሳል። ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ነጠላውን አፍንጫው ላይ ጠምጥሞ ዳገት እንደሚሮጥ ሰው ነው የሚሆነው። ታዲያ የቴስታታውን ጣሪያ ዝቅ አድርጌ እመቃውን (ቤንዚንና አየሩ የሚጨመቅበትን መጠን) ላብዛ ብትል፣ አየሩ የሚሻገርባትን ያችኑ መንገድ ታጠባታለህ። አንዱን ስታገኝ ሌላውን ታጣለህ። ፎርድ እመቃውን 4.22 ለ 1 ላይ ያቆመው በዚህም ነው፣ በዚያ ዘመን ቤንዚን ደካማነትም ነው። 3.3 ሊትር ሞተር ሆኖ 40 ፈረስ ብቻ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ እሱንም በደቂቃ 2200 ዙር ላይ።

የላይ ቫልቭ ይህን ሁሉ ይፈታዋል። አየሩ ከላይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ማቃጠያው ክፍል ጠበብ ያለ፣ የተሰበሰበ ይሆናል። በጣም የምወድለት ደግሞ የጭሱን ነገር ነው። የጎን ቫልቭ ሞተር ላይ እሳት የሆነው ጭስ ብሎኩን አቋርጦ፣ በውሃው አጠገብ አልፎ ነው የሚወጣው። የራዲያተርህ ውሃ ያን ሙቀት ሁሉ ይሸከማል። የላይ ቫልቭ ሲሆን ጭሱ በቴስታታው በኩል ቶሎ ይወጣል፤ ብሎኩ ያርፋል።

ግን ጥቅሙ የሚታየው መቼ ነው? ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ሲዞር። እነዚያ የውድድር ሰዎች የሚፈልጉት ይህን ነበር። አንተ ጅሬን ስትወጣ ሞተርህ የሚዞረው ቀስ ብሎ ነው። በዚያ ዙር ላይ የጎን ቫልቩም የሚበቃውን ያህል ይተነፍሳል።

አሁን ወደ ታች እንውረድ። ፒስቶንህ 98 ሚሊሜትር ስፋት፣ 108 ሚሊሜትር ምት አለው። ትልቅ ነው። ያን የሚሸከመው ክራንክ ሻፍት (የፒስቶኖቹን ምት ወደ ዙር የሚቀይረው ዘንግ) ግን ብሎኩ በሚይዘው ዋና ቦታ ላይ 41 ሚሊሜትር፣ ከፒስቶኑ የሚያገናኘው ቢየላ በሚይዘው ቦታ ላይ 38 ሚሊሜትር ነው። የተያዘው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። ማመጣጠኛ ክብደትም የለውም። ዘንጉ የሚዞርበት ብሮንዚን ደግሞ እንደ ዛሬው አውጥተህ የምትቀይረው አይደለም፤ ባቢት የሚባል ለስላሳ ብረት ቀልጦ እዚያው ብሎኩና ቢየላው ላይ የፈሰሰ ነው። ዘይቱን ተመልከት። ፖምፓው ዘይቱን ወደ ቫልቮቹ ክፍል ያወጣዋል። ከዚያ በራሱ ክብደት ወደ ክራንኩ ይወርዳል። ቢየላዎቹ እየዞሩ ከታች ካለው ሳህን ይጨልፋሉ። በግፊት የሚደርሳቸው ዘይት የለም። እዚህ ላይ ጠንካራ ቴስታታ ጭነህ በሙሉ ጉልበት ብታስሮጠው ባቢቱ ይሰነጠቃል። ባቢት የሚያፈስ ሰው ዛሬ ማግኘት ከባድ ነው። እኔ ከጌታዬ ተምሬ አፍስሻለሁ፤ ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ቸኩለህ ካፈሰስክ ከብረቱ አይያያዝም።

ስለዚህ ደኅና የሆነ ሞዴል ኤ ጅሬንን እንዲህ ተሰቃይቶ አይወጣም። አንተ ያልነገርከን አንድ በሽታ አለ። እሱን እንፈልግ።

መጀመሪያ እሳቱን እይ። ከመሪው ሥር ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች አሉህ። የቀኙ ነዳጅ ነው። የግራው እሳቱን የሚያስቀድምና የሚያዘገይ ነው። ስታስነሳ ወደ ላይ፣ ስትሄድ ወደ ታች። በተለይ በማኖቬላ ስታስነሳ ወደ ላይ መሆኑን ሳታይ እንዳትነካው፤ እሳቱ ከቀደመ ማኖቬላው ተመልሶ እጅ ይሰብራል። የሄድኩበት ነገር ግን ሌላ ነው። ያ ዘንግ እሳቱን ለካንዴላዎቹ እስከሚያድለው ዲስትሪቢዩተር ድረስ በትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይሄዳል። መገጣጠሚያዎቹ ሲበሉ አንተ ዘንጉን እስከ ታች ትስበዋለህ፣ ዲስትሪቢዩተሩ ግን ጥቂት ብቻ ይንቀሳቀሳል። እሳቱ እንደዘገየ ይቀራል። የዘገየ እሳት ጉልበት ይገድላል፣ ውሃም ያፈላል። የነገርከን ሁለቱም ምልክት ይህ ነው።

ታይሚንጉን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግህም፤ ፎርድ አብሮት ሰጥቶሃል። የታይሚንግ ማርሹ ክዳን ፊት ላይ አንድ ፒን ተጠምዝዞ ገብቷል። ፍታው፣ ገልብጠህ መልሰህ አስገባው። ሰው ማኖቬላውን ቀስ አድርጎ ያዙርልህ። ፒኗ ካም ማርሹ ላይ ያለች ጉድጓድ ውስጥ ጠብ ስትል አንደኛው ፒስቶን ጫፍ ላይ ደርሷል ማለት ነው። የግራው ዘንግ ወደ ላይ ሆኖ ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሲከፈት እሳቱን የሚያስነሳው) ያኔ ሊከፈት ሲል መሆን አለበት። የፑንቲናው ክፍተት ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ይሁን። ፒኗን መልሰህ ማውጣት እንዳትረሳ።

ከዚያ የአራቱንም ሲሊንደር እመቃ ለካ። ካንዴላው ትልቁ የድሮው ዓይነት ስለሆነ የዛሬ መለኪያ አይገባለትም። አንድ የማይሠራ ካንዴላ ይዘህ ና፣ ከእሱ ማገናኛ እቀርጽልሃለሁ። ቁጥሩን እዚህ ጻፍልን።

ቂጦ ፉርዲሳ፦

ጋሼ ባለቶርኖው የጻፉትን ተማሪዎቼ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። መካኒካል ምህንድስና አስተምራለሁ፣ እዚሁ ጅማ። ትንሽ ቁጥር ልጨምር።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 82 በመቶ ያህል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር በዚያው መጠን ይሳሳል። ስለዚህ 40 ፈረስ የተባለው ሞተር፣ ምንም ሳይጎድለው፣ እዚህ 33 ገደማ ነው የሚሰጥህ። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ያንሳል።

ውሃውም አለ። በዚህ ከፍታ ውሃ 94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞዴል ኤ ራዲያተር ክዳን ግፊት አይዝም። ስለዚህ ከፍታው ብቻ ስድስት ዲግሪ መጠባበቂያ ወስዶብሃል። እሳቱ ከዘገየ እነዚያ ዲግሪዎች በቀላሉ ያልቃሉ።

እመቃውን ስትለካም አትደንግጥ። ባሕር ዳርቻ ላይ 60 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ የሚያሳይ የዚህ ዓይነት ሞተር ጅማ ላይ 50 አካባቢ ነው የሚያሳየው። ዋናው ነገር አራቱ መቀራረባቸው ነው።

ከፍታው አንድ በጎ ጎን አለው። አየሩ ስስ ስለሆነ እመቃ ብትጨምር ቤንዚኑ ያለጊዜው እየነደደ ሞተሩ ቶሎ አይመታም። የዛሬው ቤንዚንም እ.ኤ.አ. ከ1929ኙ በብዙ ይሻላል። ስለዚህ በላይ ቫልቩና ባለው ቴስታታ መካከል አንድ ሦስተኛ መንገድ አለ። አሜሪካ ያሉ የሞዴል ኤ መለዋወጫ ሻጮች 5.5 ለ 1 የሚያምቅ፣ ቅርጹ እንደ ፎርዱ ጠፍጣፋ የሆነ ቴስታታ ይሸጣሉ። ካርቡሬተሩ፣ ማኒፎልዱ፣ ዲስትሪቢዩተሩ፣ ሁሉም ባለበት ይቀራል። ከሩቅ ያየ ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ከፍታ የወሰደብህን ከፊሉን የሚመልስልህ ይህ ነው፤ እሱንም ቀስ ባለው ዙር ላይ፣ ልክ ዳገት ስትወጣ። ሳሪስን የሚያስጨንቀው የነዳጅ ፖምፓ ነገርም አይነሳም።

ሳሪስ፦

በዚህ እስማማለሁ። እኔ የምቃወመው ብሎክ መብሳትና መቁረጥን ነው።

ባለቶርኖው፦

ሳሪስ፣ ልብህ ይረፍ። በደንብ ከተሠራ የሚቆረጥ ነገር የለም። አገጣጠሙን ልንገርህ።

ቫልቮቹንና ስፕሪንጎቹን ከብሎኩ ታወጣለህ። ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ካም ሻፍትና እሱ የሚገፋቸው ታፔቶች ባሉበት ይቆያሉ። ድሮ ቫልቩ በቆመበት ቀዳዳ በኩል ፑሽ ሮዱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሮከር አርሙን ይገፋል፣ ሮከሩ ቴስታታው ላይ ያለውን ቫልቭ ወደ ታች ይከፍተዋል። ብሎኩ ጎን ላይ የነበሩት የመግቢያና የጭስ አፎች ሥራ ስለሌላቸው በመክደኛ ይዘጋሉ። አዌቱ ዳር የለም ያለው መክደኛ እሱ ነው። እሱን ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ፣ ፊቱን አስተካክዬ እሠራዋለሁ፤ ቀላል ነው። ፑሽ ሮዱም ይሠራል። ርዝመቱ ግን ቴስታታው ብሎኩ ላይ ከነጋስኬቱ ተቀምጦ ነው የሚለካው፣ በግምት አይሆንም። ጫፎቹም ጠንካራ ብረት ይፈልጋሉ።

የሮከሮቹ ዘይት ይታሰብበት። ቀድሞ እዚያ ላይ የሚቀባ ነገር አልነበረም። ከቫልቮቹ ክፍል ወይም ከፖምፓው ቀጭን ቱቦ ተስቦ መውጣት አለበት፣ የሚመለስበትም መንገድ ይኑረው። ይህን የዘለለ ሰው ሮከሩን ይበላዋል።

የወጡትን ቫልቮችና ስፕሪንጎች በየተራቸው ቁጥር ጽፈህ፣ ዘይት ቀብተህ፣ ሣጥን ውስጥ አኑር። ልጆችህ ልክ እንደ አያታቸው ጊዜ እናድርገው ካሉ ይመልሱታል። ለእህትህ ይህን ንገራት።

ወንድምህ ደግሞ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የቴስታታውን የታች ፊት ፎቶ ያንሳ። የሞዴል ኤ ዲስትሪቢዩተር ቴስታታው አናት ላይ ነው የሚቀመጠው፤ የሚያዞረው ዘንግ ከካም ሻፍቱ ተነስቶ ብሎኩንና ቴስታታውን አልፎ ይወጣል። ያ ቀዳዳ መኖሩን ይይ። ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ያስተኛና በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ ይመልከት። ስንጥቅ ደግሞ በዓይን አይታይም። ላምባ ያፍስበት፣ ትንሽ ይቆይ፣ በጨርቅ አድርቆ ይጥረገው፣ ከዚያ ነጭ ጠመኔ ይቀባው። ስንጥቅ ካለ የገባው ላምባ ተመልሶ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል። በተለይ በሁለት ቫልቮች መቀመጫ መካከል ያለውን ቦታ። ሻጩ ይህን እንዳያደርግ ከከለከለው ትቶለት ይሂድ።

አዌቱ ዳር፦

ጋሼ፣ ማገናኛውን ስለቀረጹልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዋጋ አልቀበልም ማለትዎን ግን አልረሳም።

ለክቻለሁ። አንደኛው 48፣ ሁለተኛው 47፣ ሦስተኛው 29፣ አራተኛው 46። ሦስተኛው ላይ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጨምሬ እንደገና ስለካ 31 ሆነ። ቂጦ ፉርዲሳ ስለ ከፍታው ባይነግረኝ አራቱም ሞተዋል ብዬ ነበር የማስበው።

የእሳቱ ዘንግም ልክ እንዳሉት ነው። ልጄ ዘንጉን ሲስብ እኔ ዲስትሪቢዩተሩን አየሁ፤ ብዙም አይነቃነቅም። ሁለቱ መገጣጠሚያዎች በልተዋል። አሠርቼ፣ ታይሚንጉን በፒኗ አስተካክዬ ትናንት ጅሬን ወጣሁ። አልፈላም! ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንደሆነ ቤተ መንግሥቱ በር ደረሰ። እህቴም አብራን ነበረች፤ ምንም አላለችም፣ ወርዳ ግን ኮፋኖውን በእጇ ዳበሰችው።

ጉልበቱ አሁንም ሙሉ አይደለም፣ የሦስተኛው ነገር አለ። ዘይት ጨምሬበት ካልተነሳ ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አይደለም ማለት ነው? ቴስታታውን ልፍታ?

ለወንድሜ የላምባውን ነገር ነግሬዋለሁ። ሻጩ ፈቅዶ ሠርተውታል። የዲስትሪቢዩተሩ ቀዳዳ አለ። መስመር አልወጣበትም።

ባለቶርኖው፦

ጎበዝ! ልክ ነህ፣ ፋሻ ቢሆን ዘይቱ እመቃውን ከፍ ያደርገው ነበር። ቫልቭ ነው፣ ምናልባትም የጭሱ። የሁለተኛውና የሦስተኛው ጭስ ማውጫ ቫልቮች ብሎኩ መሃል ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ሙቀቱ እዚያ ይበዛል። በዘገየ እሳት ስትነዳው ደግሞ የሚቃጠለው እሱ ነው።

ፍታው። ዲስትሪቢዩተሩን መጀመሪያ አንሳ። ዳዶዎቹ ዝገው ከሆነ ማታውን የዝገት ማላቀቂያ አጠጣቸው፣ በጉልበት አትሂድ፤ ብሎኑ ብሎኩ ውስጥ ከተሰበረ ብዙ ሥራ ነው። ቴስታታውን በካቻቢቴ እየፈነቀልክ አታንሳው፣ ፊቱን ትጎዳዋለህ።

ቫልቩን ስታወጣ አትገረም። የታችኛው ጫፉ እንደ እንጉዳይ ሰፊ ነው፤ በሚንሸራተትበት ቱቦ፣ በጋይዱ፣ አያልፍም። ለዚህ ነው ጋይዱ ለሁለት የተከፈለው። ጋይዱን መጀመሪያ ወደ ታች አውጣ፣ ከዚያ ቫልቩ ይለቅልሃል። አዲስ ቫልቭ ወንድምህ ከቴስታታው ጋር ይላክልህ፣ ርካሽ ነው፤ ጋይዱንም አብሮ። መቀመጫውን እኔ ጋ እናስተካክለዋለን። ታፔቱ ማስተካከያ ብሎን የለውም። ክፍተቱ የሚገኘው የቫልቩን ጫፍ ጥቂት ጥቂት በመሞረድ ነው፤ እሱን ለእኔ ተው።

ስትገጥም ከመሃል ጀምረህ ወደ ዳር፣ በሦስት ዙር፣ መጨረሻው 75 ኒውተን ሜትር። አሙቀህ፣ አቀዝቅዘህ እንደገና አጥብቀው።

ቴስታታው ስንጥቅ ከሌለው ወንድምህ ይግዛው። ሲመጣልህ ግሪስ ቀብተህ፣ በጨርቅ ጠቅልለህ ደረቅ ቦታ አስቀምጠው። ክራንኩን አውርደን ባቢቱን ካየን በኋላ ነው የምንገጥመው፣ ያውም ፍሬኑን ከሠራን በኋላ፤ በዚህ ሳሪስ ትክክል ነው። እስከዚያው 5.5 ለ 1 የሆነውን ቴስታታ አስብበት።

አሁን ቴስታታውን ስትፈታ የዘይት ገንዳውንም አብረህ አውርድ። ቢየላዎቹን አንድ በአንድ ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቃቸው። የሚንኳኳ ካለ የትኛው እንደሆነ ጻፍና ከቫልቩ ጋር ይዘህልኝ ና። ጁምዓ ከሰላት በኋላ ቶርኖ ቤት አለሁ።